በቴሌቪዥን ያየነው በር

ውድ አንባቢዬ፥ በዚህ ዓምድ እንደ ልማዳችን ስለ ጓዳ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ትዳር ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ግን ከጓዳችን ወጣ እንበልና አንድ እሑድ በእግርም፥ በታክሲም፥ በባቡርም ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ እንጓዝ። የምንሄደው በር ፍለጋ ነው። በሩን በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ እርስዎም ሳያዩት አልቀሩም። የት እንዳለ ግን እኛም አናውቅም ነበር።

ነገሩን የጀመረችው የእህቴ ልጅ ናት። ልጅቱ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ እርስዋ ገና ዳዴ የምትል ሕፃን ነበረች። አሁን ግን የቆየውን ክፍል ሁሉ ከእጅ ስልኳ እያወጣች ማታ ማታ ታየዋለች። እኔም ሽንኩርቴን እየላጥሁ ከጎኗ ተቀምጬ እንደ ገና ተያዝሁ። እርስዎ እንደሚያስታውሱት፥ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የሚባለው ሰው ብቅ ሲል ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያይ ነበር። በእኛ ሰፈር ተንኰል የሠራ ሰው ሁሉ «አስናቀ» ይባል እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል።

አንድ ማታ ልጅቱ ምስሉን አቆመችና፥

«አክስቴ፥ ይህ ቤት የት ነው?» አለችኝ።

«ቦሌ ሳይሆን አይቀርም።»

«ቦሌ የት?»

መልስ አጣሁ። ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ ውስጥ ያለን አንድ በር ማወቅ ተሳነኝ። «እንግዲያው እሑድ እንፈልገው» አለች። እሺ አልኋት። በዚህ ዕድሜዋ ከእኔ ጋር ውዬ ልምጣ የምትል ልጅ ማግኘት ራሱ ዕድል ነውና።

ይህን የመሰለ ፍለጋ በሌላው ዓለም የታወቀ ነው። በስዊድን አገር ኢስታድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ሄኒንግ ማንኬል የፈጠረው መርማሪ ዋላንደር የኖረባቸውን መንገዶች ለማየት ሰዎች ከሩቅ ይሄዱባታል። በኢጣልያ ሲሲሊ ደሴት ፑንታ ሴካ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ደግሞ፥ ሞንታልባኖ የተባለው የፖሊስ መኮንን በድራማው የሚኖርበት ቤት ዛሬ እንግዳ ማሳደሪያ ሆኗል። ያ ድራማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2021 ታይቷል። በእንግሊዝ አገርም የመርማሪው ሞርስን እግር እየተከተሉ ኦክስፎርድን የሚዞሩ ጎብኚዎች አሉ። ታዲያ እኛስ ቦሌን ብንዞር ምን አለበት?

ፍለጋ ግን ዘዴ ይጠይቃል። ልጅቱ ደብተር አውጥታ፥ ምስሉን እያቆመች የሚታየውን ሁሉ ጻፈች፤ የበሩን ቀለም፥ የአጥሩን ድንጋይ፥ የመብራቱን ምሰሶ፥ የመንገዱን ቁልቁለት። እኔም የበኩሌን ጨመርሁ። ከበስተ ኋላ ተራራ ከታየ ተራራው ራሱ ይመራል። እንጦጦ ከሆነ ካሜራው ወደ ሰሜን ዞሯል፤ የረር ከሆነ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ጥላም እንዲሁ ይናገራል፤ የጠዋት ጥላ ወደ ምዕራብ፥ የማታ ጥላ ወደ ምሥራቅ ይወድቃልና። ልጅቱ ይህን ስትሰማ፥ «አክስቴ፥ አንቺ እኮ መርማሪ ነሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። መርማሪስ አይደለሁም፤ ልብስ ሳሰጣ ግን ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመጣ ማወቅ ነበረብኝ።

ጉዞአችንን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከመስቀል አደባባይ ጀመርን። የአፍሪካ ጎዳና የሚባለው የቦሌ መንገድ ከዚህ ተነሥቶ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ይዘልቃል። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ የተዛወረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፥ ቦሌን የዛሬዋን ቦሌ ያደረጋት ይኸው ነው። መንገዱ እንግዳ መቀበያ ሆነ፤ በግራና በቀኙ ቪላዎች ተሠሩ፤ ኋላም ፎቆች ተተኩ። በ1995 ዓ.ም. አዲሱ ተርሚናል ተመረቀ፤ በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ማስፋፊያው ተመረቀ።

የወንጀል ድራማ ጸሐፊዎች ለምን ወደዚህ እንደሚመጡ ለመረዳት አያዳግትም። ሀብቱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ለታሪካቸው ሲያስፈልጋቸው ሰፊ ሳሎን፥ ከፍ ያለ አጥርና ሁለት መኪና የሚያስገባ በር ያለው ቤት ይፈልጋሉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ድራማ በአብዛኛው የሚቀረጸው በስቱዲዮ ነበር፤ ግድግዳው ከእንጨት፥ መስኮቱ ከሥዕል ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን አዘጋጆች እውነተኛ ቤት ተከራይተው ይቀርጻሉ። ስለዚህም በድራማው የምናየው ሳሎን የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ነው፤ ሶፋውም ልጆች የሚዘሉበት ሶፋ ነው። ይህን ነገር እባክዎን ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በቦሌ መንገድ ግን ፍለጋችን ገና ከመነሻው ተሰናከለ። ምክንያቱም መንገዱ ያ መንገድ አይደለም። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. እንደ ገና ሲሠራ ሰፍቷል፤ በአንዳንድ መገናኛ ላይም መኪናው ከምድር በታች እንዲያልፍ ተደርጓል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው የመንገድ ዳር ሁሉ እንደ ገና ተለውጧል፤ የእግረኛ መንገዱ፥ መብራቱ፥ የሕንፃዎቹም ቀለም። ልጅቱ ስልኳን ከፍ አድርጋ ምስሉን ከፊት ለፊቷ ካለው መንገድ ጋር ታስተያያለች። ምሰሶው የለም። ሱቁ የለም። ዛፉም የለም። የቀረው ቁልቁለቱ ብቻ ነው።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወደ ውስጥ ገብተን የቪላ ሰፈሮችን አቋረጥን። ድንገት ልጅቱ፥ «ያውና!» ብላ እጄን ያዘች። እውነትም በሩ ያ በር ነበር፤ ጥቁር ብረት፥ መካከሉ ላይ የወርቅ ቅብ አበባ፥ ጫፉ ላይ እንደ ጦር የሾሉ ዘንጎች። ልቤ ዘለለ። አንድ ዘበኛ ከበሩ አጠገብ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታ ሰጥተን የመጣንበትን ነገርናቸው። ሽማግሌው ምስሉን ከስልኩ ላይ አጥብቀው አዩና፥

«እናቴ፥ በሩስ ይህን ይመስላል። ግን እስቲ ቀና በይ» አሉኝ።

ቀና ብል በዚያው መንገድ ላይ አራት ጥቁር በሮች ባለ ወርቅ አበባ ቆመዋል።

«አንድ በያጅ ነው የሠራቸው» አሉ ሽማግሌው። «አንዱ ሲያሠራ ሌላው አይቶ ይወዳል። ወደ ገርጂም ብትሄጂ አለ፤ ወደ ሲ.ኤም.ሲ.ም አለ።»

ልጅቱ ከሳቅ የተነሣ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ደብተሯ ላይም፥ «በር፤ ምስክር አይሆንም» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ወደ መገናኛ በታክሲ ሄደን፥ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ተሳፍረን ጉርድ ሾላን አልፈን ሲ.ኤም.ሲ. ወረድን። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረ የኢጣልያ ሥራ ተቋራጭ ኩባንያ ነው። ከኩባንያው ስም ውስጥ ሦስት ፊደላት ቀርተው ሰፈር ሆነዋል። በባቡሩ መስኮት ስናይ በግራም በቀኝም ሕንፃ ነው፤ የድሮ ድራማ ላይ የሚታየው ባዶ ሜዳ፥ ታጋች የሚወርድበትና ገንዘብ የሚለዋወጡበት ሜዳ፥ የትኛው እንደነበረ ለማወቅ አይቻልም። ሰው ሲበዛ ሜዳ ያልቃል፤ ሜዳ ሲያልቅ የድራማ ወንበዴ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ራበን። ገርጂ የአባቴ እህት አሉ፤ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው። ሳይጠሩን ሄደን በራቸውን አንኳኳን። የገርጂ ሰው እሑድ ቀን ምን እንደሚሠራ እርስዎ ያውቃሉ፤ ቡናው ተፈልቷል፥ ሽሮው ይንተከተካል። እቴቴ ዐይተውን ደስ አላቸው፤ ግን የመጣንበትን ምክንያት ስነግራቸው ጀበናውን አስቀመጡና ዝም አሉ።

«በር ፍለጋ ቦሌ ድረስ ምን አለፋችሁ?» አሉ በመጨረሻ። «ይህ በር በቴሌቪዥን ታይቶ የለም?»

እኔ አላውቅም ነበር። ውድ አንባቢዬ፥ የገዛ አክስቴ ቤት ነው፤ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ፥ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሳለች፥ አንድ የቀረጻ ቡድን መጥቶ ሳሎናቸውን ለአራት ቀን እንዲያከራዩ ለመናቸው። የድራማውን ስም አልጽፍም፤ «ሰው ለሰው» ግን አይደለም። እቴቴ ገንዘቡን ፈለጉት፤ ጣራው ዕድሳት ይፈልግ ነበር፥ ልጅቷም ወጪ ነበረባት። እሺ አሉ። ከሃያ የማያንስ ሰው ገባ። ሽቦ በየወለሉ ተዘረጋ። «ጸጥታ!» ሲባል ወጡን ማማሰል እንኳ ተከለከለ፤ አንድ ቀን ቀይ ወጣቸው ለሲኒማ ሲባል አረረ። አውሮፕላን በላይ ሲያልፍ ግን ተዋናዩም አዘጋጁም እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ፤ ድምፁ ሲርቅ ያንኑ ቃል እንደ ገና ይጀምራሉ። «ያን ሰውዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ስድስት ጊዜ ገደሉት» አሉን እቴቴ፤ «አውሮፕላኑ አላስጨርስ ብሎ!»

ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ድራማው ሲታይ እቴቴ አላዩትም፤ የዚያን ዕለት ለቅሶ ደርሰው ነበር። በማግሥቱ የእድር ጓደኛቸው መጥታ፥ «ባለቤትሽ ወንበዴዎቹን ከግድግዳው ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩአቸው አመሹ» አለቻቸው። ለካ የባለቤታቸው ትልቁ ፎቶግራፍ ከሳሎኑ ግድግዳ አልተነሣም ኖሯል። ነፍሰ ገዳዮቹ ጠረጴዛ ከብበው ሲማከሩ፥ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩት፥ ለሰው ክፉ ያልተናገሩት ሰውዬ ከበስተ ኋላ ሆነው ይመለከታሉ። ሴትዮዋ ለጨዋታ ነበር ያለችው። እቴቴ ግን ሦስት ወር ሙሉ እድር አልሄዱም። ለልጃቸውም ስለዚህ ነገር አልነገሩም። ቀረጻውን ያዘጋጁትንም ሰዎች አልወቀሱም፤ «ሥዕሉን ሳላነሣ የቀረሁት እኔ ነኝ» ብለው ራሳቸውን ብቻ ወቀሱ።

ቤት ገመና ከታች ነው ይባላል። አዳነች ወልደገብርኤል ለቴሌቪዥን የጻፈችው የታወቀው ድራማ ርእሱ «ገመና» መሆኑን ያስታውሳሉ። ቃሉ ከባድ ነው፤ ጣራና ግድግዳ የሚሸፍነውን ሁሉ ይይዛል። እቴቴ በአራት ቀን ኪራይ ገመናቸውን አሳልፈው የሰጡ መሰላቸው።

የእህቴ ልጅ ጠዋት ስልኳን ይዛ በየበሩ ፎቶግራፍ ስታነሣ የዋለች ናት። አሁን ስልኳን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔም ነገሩን ለማብረድ ቡናውን ላነሣ ስል፥ እቴቴ ድንገት፥

«ልጄ፥ ያ ድራማ እስካሁን ድረስ ይገኛል?» ሲሉ ጠየቋት።

ከዚያ የሆነውን ሳልገምት ቀርቻለሁ። ጣራው ሳይታደስ ክረምት ገብቶ ነበርና ዝናቡ በዚያው ግድግዳ ላይ ወርዶ ትልቁን ፎቶግራፍ አበላሽቶታል። ፊታቸው በሙሉ ጠፍቷል። ፎቶግራፉን ያነሣው ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ከመታወቂያ ላይ ካለችው አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ በቀር እቴቴ የባለቤታቸው ሌላ ምስል የላቸውም። ሾፌር ናቸው፤ ዕድሜአቸውን በመንገድ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ቁጭ ብለው ፎቶግራፍ የተነሡት ያን ቀን ብቻ ነበር።

ልጅቱ ስልኳን መልሳ አወጣች። የየትኛው ክፍል እንደሆነ እቴቴ አያውቁም። «አንዱ ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ሽጉጥ ከጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ዕለት» አሉ። ከምሳ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ፈለግን። ቡናው አቦል፥ ቶና፥ በረካ ሆነ። እኛ ጠዋት ሙሉ ከድራማ ወደ ቤት ስንሄድ ውለን፥ አሁን ከቤት ወደ ድራማ ተመለስን። በመጨረሻም ቀይ ሸሚዙ መጣ፤ ሽጉጡም ተቀመጠ፤ ልጅቱም ምስሉን አቆመች።

እቴቴ መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ኋላ ግን፥ «አፉ ትንሽ ደብዝዟል፤ ዓይኑ ግን ዓይኑ ነው» አሉ።

በሳምንቱ ልጅቱ ያን ምስል ወደ ፎቶግራፍ ቤት ወስዳ አሳትማ በመስተዋት አስገባችው። የወንበዴው ትከሻ ከፍሬሙ ማዕዘን ገብቶ ስለነበር ባለሙያው፥ «ይቆረጥ ወይስ ይቅር?» ብሎ ጠየቀ። እቴቴ በስልክ ሳያመነቱ፥ «ቆርጠህ ጣልልኝ፤ በነጻ አራት ቀን ሙሉ ቤቴ ተቀምጦ የለም!» አሉት። ልጃቸውም ሥዕሉን ዐይታ ከየት እንደተገኘ ስትጠይቅ ሁሉን ነገሯት። ለካስ ልጅቱ ድራማው በታየ ቀን ከጓደኞቿ ጋር ዐይታው ኖሯል። እናቴ ታፍርብኛለች ብላ ዝም ያለችው እርስዋ ነበረች። እናትና ልጅ አንዱን ነገር ከሁለት ወገን ሸፍነው ይዘውት ኖረዋል።

አሁን፥ ውድ አንባቢዬ፥ ከዚህ ጉዞ ያገኘሁትን ምክር ላካፍልዎ።

በመጀመሪያ፥ እርስዎም ከልጆችዎ ጋር እንዲህ ያለ ፍለጋ ቢወጡ መልካም ነው፤ ልጆች ከተማቸውን ያውቃሉ፥ እርስዎም ልጆችዎን ያውቃሉ። ነገር ግን የድራማ ቤት የሰው ቤት ነው። ከመንገድ ይዩ፤ በር አያንኳኩ፤ የቤት ቁጥርና የመኪና ታርጋ ፎቶግራፍ አያንሡ፤ አድራሻውንም ለማያውቁት ሰው አያሠራጩ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት አልበከርኪ በምትባል ከተማ የደረሰው ትምህርት ይሁነን። «ብሬኪንግ ባድ» በተባለው የወንጀል ድራማ አንድ ሰው ንዴቱን ለመወጣት ፒዛ ወደ ቤቱ ጣራ ይወረውራል። ከዚያ በኋላ የድራማው ወዳጆች ወደ እውነተኛው ቤት እየሄዱ ጣራው ላይ ፒዛ ይወረውሩ ጀመር። የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ተዉ ብሎ ለመነ፤ ቢሆንም ባለቤቶቹ በ2017 በግቢያቸው ዙሪያ ረጅም የብረት አጥር ለማሠራት ተገደዱ። እኔም በዚህ ጽሑፍ የማንንም ቤት አድራሻ ያልጻፍሁት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ፥ የቀረጻ ቡድን መጥቶ ቤትዎን ቢለምንዎ እምቢ ይበሉ አልልም፤ ገንዘቡ ጣራ ያድሳል፥ ልጅ ያስተምራል። ግን ከመስማማትዎ በፊት ከቤተሰብዎ ጋር ይማከሩ። በቤትዎ ውስጥ ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ ማን ይሞታል፥ የት ክፍል፥ በማን አልጋ ላይ ብለው ይጠይቁ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የሚገባው ሰው ብዛት፥ የመብራት ወጪና ለሚሰበር ዕቃ ተጠያቂው ይጻፍበት። የቤቱን ዕቃ ቆጥረው ያስረክቡ። ጎረቤትዎን አስቀድመው ያስታውቁ፤ ሌሊት ጩኸት ሰምቶ ፖሊስ እንዳይጠራ። ከሁሉም በላይ ካሜራው ከመግባቱ በፊት የቤተሰብዎን ፎቶግራፎች ከግድግዳ አንሥተው በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉ።

ሦስተኛው ምክሬ ከእነዚህ የተለየ ነው። ዛሬ ቤትዎ ገብተው አንድ የቆየ ድራማ ይክፈቱ፤ ታሪኩን ሳይሆን ከበስተ ኋላ ያለውን ይመልከቱ። ያ የፈረሰ ሰፈርዎ፥ ያ የተቆረጠ ዛፍ፥ ልጅ ሳሉ ዳቦ የገዙበት ሱቅ፥ የድሮው የቦሌ መንገድ እዚያ ሊኖር ይችላል። አዘጋጆቹ ወንጀል ሲቀርጹ ሳያስቡት ከተማውን አብረው ቀርጸውልናል። ማን ያውቃል፥ የሚወዱት ሰው ሲያልፍ ያገኙት ይሆናል።

የአስናቀን በር እስከ ዛሬ አላገኘንም። የእህቴ ልጅ ግን ደብተሯን ስትዘጋ በመጨረሻው ገጽ ላይ የጻፈችውን ሰርቄ አንብቤዋለሁ፤ «ገርጂ። በር አልተገኘም። አባባ ተገኙ።»